ማኅሌቱ በየትኛው ካሜራ ይቀረጽ?

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ተወልደው በአዲስ አበባና በባሕር ማዶ የሚኖሩ አንዳንድ ወዳጆች፣ በአገራቸው አድባራት የሚዜመው ዜማ ከነእንቅስቃሴው ተቀርጾ ለተከታዩ ትውልድ እንዲቆይ በማሰብ፣ ካሜራ ገዝተው ለመላክ ቃል ከገቡ በኋላ፣ «ኮምፓክት የሚባለውን እንላክ ወይስ ሚረርለስ የሚባለውን?» ብለው ጻፉ። ይህ ጥያቄ፣ በነፋስ መውጫ ከተማ ሰርግና ክርስትና እየቀረጸ የሚተዳደረውን አንድ ጐልማሳ፣ በልጅነቱ ጾመ ድጓ ካስተማሩት መሪጌታ ጋር ለረጅም ሰዓት አነጋገረ። እኛም ስማቸውን ትተን፣ በግብራቸው ብቻ እየጠራን፣ የተነጋገሩትን እንደሚከተለው አቅርበነዋል።

መሪጌታ፦ ልጄ፣ ደብዳቤውን አንብበኸዋል። ጥያቄው አጭር ነው፤ ለእኔ ግን መልሱ አልተገለጠልኝም። ምንነቱ ያልታወቀ ነገር ሊመረጥ አይቻልምና፣ ይህ ይሻላል ያ ይሻላል ከማለታችን አስቀድሞ፣ የሁለቱን ጠባይዕ በየተራ አስረዳኝ።

ባለካሜራው፦ እሺ፣ የኔታ። ኮምፓክት የሚባለው ሌንሱ ከአካሉ ጋር ተዋሕዶ የተሠራ፣ የማይነቀልና የማይለወጥ፣ ተዘግቶ በኪስ የሚገባ ትንሽ ካሜራ ነው። ሚረርለስ የሚባለው ደግሞ አካሉ ለብቻ፣ ሌንሱ ለብቻ ሆኖ፣ ቀራጩ እንደ ቦታውና እንደ ብርሃኑ አንዱን ሌንስ ነቅሎ ሌላውን የሚተካበት ነው። ከእርሱ በፊት የነበሩት ዲኤስኤልአር የሚባሉት ካሜራዎች በሆዳቸው ውስጥ መስታወት ነበራቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ካኖን 5ዲ ማርክ 2 የሰርግ ቀራጮችንና የፊልም ሠሪዎችን ሁሉ ወደዚያ ወገን ስቦ ነበር፤ ነገር ግን ቪዲዮ በሚቀረጽበት ጊዜ መስታወቱ ወደ ላይ ተነሥቶ መቆየት ስለነበረበት፣ ለቪዲዮ ትርፍ ሸክም ከመሆን በቀር የሚሰጠው ጥቅም አልነበረም። በዚያው ዓመት ፓናሶኒክ መስታወት የሌለውን ጂ1 አወጣ፤ ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ካኖንም በ2012 ተከተሉት፤ ዛሬ ከፋብሪካ የሚወጣው አዲስ ካሜራ ሁሉ ለማለት ይቻላል በዚህ መንገድ የሚሠራ ነው።

መሪጌታ፦ ኮምፓክቱስ መስታወት አለውን?

ባለካሜራው፦ የለውም።

መሪጌታ፦ እንግዲያውስ የመስታወት መኖር አለመኖር ሁለቱን የሚለያቸው ምክንያት አይደለም ማለት ነው። ዋናውን ልዩነት ፈልግልኝ።

ባለካሜራው፦ ልዩነታቸው ሁለት ነው። አንደኛው አሁን የተናገርሁት የሌንስ መነቀል ነው። ሁለተኛው ሴንሰር የሚባለው፣ ብርሃኑን ተቀብሎ ሥዕል የሚያደርገው የውስጥ ገበታ ነው። ለቪዲዮ በሚመረጡት ኮምፓክቶች፣ ይኸውም እንደ ሶኒ ዜድቪ-1 እና እንደ ካኖን ጂ7 ኤክስ ማርክ 3 ባሉት፣ ይህ ገበታ 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር ነው፤ እንደ ሶኒ ዜድቪ-ኢ10 ባሉት መካከለኛ ሚረርለሶች 23.5 በ15.6 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ፉል ፍሬም በሚባሉት ትልልቆቹ ደግሞ 36 በ24 ሚሊሜትር ይደርሳል። በስፋት ሲሰላ መካከለኛው ከኮምፓክቱ ከ3 እጥፍ በላይ፣ ትልቁ ደግሞ ከ7 እጥፍ በላይ ነው።

መሪጌታ፦ እንዲህ ከሆነ ክርክሩ አለቀ። ማኅሌት ሌሊት ነው፤ ብርሃናችንም ጧፍና፣ መብራት በመጣ ጊዜ አንድ ሁለት አምፖል ነው፤ አንተ በሰርግ የምታበራውን ዓይን የሚወጋ መብራት ደግሞ በቅኔ ማኅሌት ውስጥ ማብራት አይፈቀድልህም። ሰፊው ገበታ በጨለማ የተሻለ የሚያይ ከሆነ ሰፊውን ይላኩ እንጂ ሌላ ምን ይጠየቃል?

ባለካሜራው፦ ብዙ ሰው በዚህ ሐሳብ ገንዘቡን ያወጣል፤ ነገር ግን በዚህ ቦታ አንድ ምሥጢር አለ፣ የኔታ። ወደ ገበታው የሚደርሰውን ብርሃን የሚወስነው ከሁሉ አስቀድሞ የሌንሱ ዓይን፣ ማለት ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ስፋት ነው። በኮምፓክቱ ላይ የተዋሐደው ሌንስ፣ ሰፊውን ትዕይንት በሚያይበት ጊዜ፣ ኤፍ 1.8 ይከፈታል፤ ይህም ሲሰላ 5 ሚሊሜትር ያህል ስፋት ያለው ቀዳዳ ይሆናል። ከሚረርለሱ ጋር በአንድ ሣጥን ታሽጎ የሚሸጠው ከ16 እስከ 50 ሚሊሜትር የሚዘረጋ ሌንስ ግን፣ ያንኑ ትዕይንት ሲያይ የሚከፈተው እስከ ኤፍ 3.5 ብቻ ነው፤ 16ን ለ3.5 ቢያካፍሉት ቀዳዳው 4 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። እንግዲህ ሰፊ ገበታ ያለው ካሜራ ከትንሹ ካሜራ ባነሰ ቀዳዳ ይመለከታል ማለት ነው።

መሪጌታ፦ ይህ የሚያስደንቅ ነው። ስለዚህ ሚረርለስ ከነሣጥኑ ገዝቶ የሚልክልን ሰው፣ በጨለማ ነገር፣ ከኮምፓክቱ የሚበልጥ ምንም አልላከልንም?

ባለካሜራው፦ በጨለማ ነገር ምንም አልላከም፤ እንዲያውም ጥቂት አጉድሏል። የሚረርለሱ ብልጫ ግን ያንን ሌንስ ነቅሎ ሌላ መተካት በመቻሉ ላይ ነው። ሲግማ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራው 16 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 1.4 የሆነ ሌንስ አለ፤ የሚዘረጋና የሚሰበሰብ አይደለም፣ በአንድ ስፋት ብቻ ያያል፤ ቀዳዳው ግን ከ11 ሚሊሜትር ይበልጣል። የቀዳዳው ስፋት በእጥፍ ሲያድግ የሚያስገባው ብርሃን በ4 እጥፍ ስለሚያድግ፣ ይህ ሌንስ ከኮምፓክቱ 5 እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። ኮምፓክቱ በጧፍ ብርሃን የቀረጸው ሥዕል አሸዋ እንደተነሰነሰበት ሆኖ የዘማሪው ፊት ሲጠፋ፣ በዚህኛው ግን የጥምጥሙ እጥፋት ሳይቀር ይለያል። ስለዚህ በሌሊት ያለውን ብልጫ የሚሰጠው ሌንሱ ነው፤ አካሉ ያንን ሌንስ የሚቀበል በር ነው።

መሪጌታ፦ ቆይ፣ በዚህ ላይ የምቃወመው አለኝ። አንተም ጓደኞችህም የቀረጻችሁትን ሰርግ አይቻለሁ። ሙሽራዪቱ ጠርታ ትታያለች፤ ከኋላዋ ያሉት አባትና እናቷ፣ ሚዜዎቹም ጭምር፣ ጉም እንደዋጣቸው ይጠፋሉ። እናንተ ይህን ውበት ትሉታላችሁ። ማኅሌት ግን ቀኝና ግራ ሆኖ ፊት ለፊት የሚቆም ሁለት ወገን ነው፤ አንዱ ወገን ሲመራ ሌላው ይቀበላል፤ ቁሙን፣ ዝማሜውን፣ መረግዱን፣ ጽፋቱን የሚማር ልጅ የሁሉንም እጅና እግር በአንድ ጊዜ ማየት አለበት። አንዱ ጠርቶ ሌላው የሚጠፋ ከሆነ፣ ሥርዐተ ማኅሌቱን ለመማር አይረባም።

ባለካሜራው፦ ተቃውሞዎ እውነት ነው፤ ያ መደብዘዝ የሚመጣውም ከዚሁ ከቀዳዳው ስፋት ነው። ነገር ግን መደብዘዙ የሚበረታው በረጅም ሌንስ አንድን ፊት ከቅርብ ስንይዝ ነው፤ በሰፊ ሌንስ ከራቅ ብለን ስንቆም እጅግ ይቀንሳል። የእኛ አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ ክብ ናቸው፤ ቅኔ ማኅሌቱ ቅድስቱን ከቦ የሚዞር ጠባብ ቦታ ስለሆነ፣ ሰፊ ከሚያይ ሌንስ በቀር ሁለቱን ወገን አጠቃልሎ የሚይዝ የለም። ያ የ16 ሚሊሜትር ሌንስ፣ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ 5 ሜትር ላይ ቢተከል፣ ከ3 ሜትር ጥቂት አለፍ ብሎ ጀምሮ እስከ 11 ሜትር ገደማ ያለውን ሁሉ አጥርቶ ያሳያል። ሁለቱም ወገን በዚህ ውስጥ ይገባል። ለሰርግ የሚወደደውን ረጅሙን ሌንስ ግን፣ እንዳሉት፣ ለዚህ ግብር አንጠይቅም።

መሪጌታ፦ ይህን ተቀበልሁ። የእንቅስቃሴውስ ነገር? መቋሚያው ሲወዛወዝ በአንዳንድ ቪዲዮ ላይ እየተቆራረጠ ይታያል፤ አምፖሉም እንደ ዓይን ሽፋሽፍት ይርገበገባል። ይህ የካሜራው ድካም ነው ወይስ የቀራጩ?

ባለካሜራው፦ የቀራጩ ነው፤ በዚህም ሁለቱ ካሜራዎች እኩል ናቸው። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ስለሆነ፣ ካሜራው በሰከንድ 25 ሥዕል እንዲያነሣ፣ እያንዳንዱም ሥዕል ለሰከንድ 50ኛ ክፍል ብርሃን እንዲቀበል መታዘዝ አለበት። ከአሜሪካ የሚመጡ ካሜራዎች በ30 እና በ60 ተስተካክለው ስለሚደርሱ፣ ይህን ሳይለውጥ የሚቀርጽ ሰው የአምፖሉን መርገብገብ አብሮ ይቀርጻል። የመቋሚያው መቆራረጥም የብርሃን መቀበያው ጊዜ ከመጠን በላይ ከማጠሩ የተነሣ ነው። በቀን፣ ለምሳሌ ታቦታቱ በጥምቀት ዋዜማ ወደ አደባባይ ሲወጡ፣ በጠራራ ፀሐይ ያንን የ50ኛ ክፍል ለመጠበቅ በሌንሱ ፊት ጥቁር መስታወት ያስፈልጋል፤ በዚህ ኮምፓክቱ ዜድቪ-1 ይመሰገናል፤ ብርሃኑን ወደ 8ኛ እጅ የሚያወርድ መጋረጃ በሆዱ ውስጥ አብሮት ተሠርቷልና። ለሚረርለሱ ግን ለብቻው ገዝተን በሌንሱ ላይ እናጠልቅለታለን። የነጭ ልብስም ነገር መረሳት የለበትም፤ ካሜራውን በራሱ ፈቃድ ከተውነው ጨለማውን አይቶ ስለሚያበራ፣ የካህናቱ ነጭ ሸማ ጥለቱ ጠፍቶ እንደ ኖራ ግድግዳ ይሆናል፤ ስለዚህ ብርሃኑ በሸማው ልክ በእጅ መወሰን አለበት።

መሪጌታ፦ ስለ ዓይን ብዙ ተናገርህ፤ ስለ ጆሮ ግን እስካሁን ዝም አልህ። የቅዱስ ያሬድ ድርሰት ዜማ ነው። የድጓ ምስክር ከጋይንት ቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ከዙር አምባ የሚወጣው፣ በእነዚህ ቦታዎች ጣዕመ ዜማው ሳይፋለስ ከአፍ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ ስለቆየ ነው። በመጽሐፍ ላይ የተጻፈው ምልክት የሚያውቀውን ሰው ያስታውሰዋል እንጂ፣ የማያውቀውን ከመምህር ሳይማር ዜማ አያስወጣውም። ድምፁ ከተበላሸ ሥዕሉ ቢያምር ምን ይረባናል?

ባለካሜራው፦ ወደ ዋናው ነገር ደረሱ፣ የኔታ። ካሜራዎች ሁሉ ድምፅን በራሳቸው ፈቃድ ከፍና ዝቅ ያደርጋሉ፤ ድምፅ ሲደክም ከፍ ያደርጉታል፣ ሲበረታ ይቀንሱታል። ለንግግር ይህ መልካም ነው፤ ለማኅሌት ግን ጥፋት ነው። ከበሮው አንድ ጊዜ ሲመታ ካሜራው ደንግጦ ድምፁን ሁሉ ዝቅ ያደርጋል፤ ከበሮውን ተከትሎ የሚመጣው የመሪው ድምፅ ተውጦ ይቀራል፤ ቆይቶ መልሶ ሲያነሣው ሁለተኛው ምት ይደርስበታል። መድኃኒቱ የድምፁን ልክ በከበሮው ኃይል መጠን በእጅ ወስኖ መተውና፣ ማይኩን ከካሜራው ነቅሎ ወደ ዘማሪዎቹ ማቅረብ ነው። በዚህ ነገር ሁለቱ ካሜራዎች ይለያያሉ። ዜድቪ-1 የማይክ መሰኪያ አለው፤ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ግን የለውም፤ ስለዚህ ቀራጩ ምን እየቀረጸ እንደሆነ በጆሮው ሳይሰማ ሌሊቱን ይፈጽማል። ዜድቪ-ኢ10 ሁለቱም አሉት። ሁሉም ሚረርለስ ሁለቱን መሰኪያዎች ይዟል ማለት ግን አይደለም፤ ሶኒ ኤ6400 የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ የለውም። ስለዚህ ወዳጆቻችን ከመግዛታቸው በፊት ይህን መሰኪያ አይተው ማረጋገጥ ይገባቸዋል።

መሪጌታ፦ አሁን ደግሞ እኔ ለኮምፓክቱ ልከራከርለት። እኛ ያለነው በደጋ ነው፤ ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ የጉና ራስ ከ4,100 ሜትር ያልፋል፤ በስማዳ ደግሞ ወደ በሽሎ የሚወርደው ቆላ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፋቸውን በጋይንት አሳልፈው በጨጨሆ ሽቅብ ለማስጐተት መንገድ በእጃቸው ጭምር እያስጠረጉ ስንት ወር እንደደከሙ ከአባቶቻችን ሰምተናል። ዛሬ ከወረታ በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ ለመኪና የተመቸ ቢሆንም፣ ከዋናው መንገድ ርቀው ያሉት አድባራት ግን የሚደረሱት በእግርና በበቅሎ ነው። ከስማዳ ወገዳ፣ ከእስቴም መካነ ኢየሱስ ወጥቶ ገጠር ለገጠር የሚሄድ ተማሪ፣ ከስንቁና ከመጽሐፉ በላይ ምን ያህል ብረት ይሸከም?

ባለካሜራው፦ በዚህ ኮምፓክቱን የሚስተካከለው የለም። ዜድቪ-1 ከነባትሪው 294 ግራም ነው። ዜድቪ-ኢ10 አካሉ ብቻ 343 ግራም ሆኖ፣ ያ የሲግማ ሌንስ 405 ግራም ይጨምርበታል፤ ድምሩ ከኮምፓክቱ ሁለት እጥፍ ተኩል ነው። አቧራም አለ፤ በመንገድ ላይ ሌንስ የሚለውጥ ሰው ገበታውን ለአቧራ ያጋልጣል፤ ኮምፓክቱ ግን ዝግ ነው። ቢሆንም የኮምፓክቱ ሌንስ ሲወጣና ሲገባ አየር ስለሚስብ፣ ጥቂት አቧራ የገባበት እንደሆነ አካሉ ካልተፈታ አይጸዳም፤ የሚረርለሱ ገበታ ግን ሌንሱ ተነቅሎ በቀላሉ ይጸዳል።

መሪጌታ፦ ባትሪውስ? ማኅሌት ማታ ገብቶ እስከ ንጋት የሚቆምበት ሌሊት አለ።

ባለካሜራው፦ ትንሽ ካሜራ ትንሽ ባትሪ ነው ያለው። የኮምፓክቱ ባትሪ 4.5 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል፤ የዜድቪ-ኢ10 ከ7 ዋት ሰዓት ትንሽ ያልፋል፤ የአዳዲሶቹ ሚረርለሶች 16.4 ይደርሳል። በጥምቀት ዋዜማ ድንኳን አጠገብ፣ በጋይንት ውርጭ፣ ሁሉም ከተጻፈው በታች ይሰጣሉ፤ ስለዚህ ተጠባባቂው ባትሪ በብብት መያዝ አለበት። ነገር ግን ዛሬ ሁለቱም ዓይነት ካሜራዎች በገመድ ከፓወር ባንክ እየተመገቡ ሊሠሩ ስለሚችሉ፣ 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚይዝ አንድ ፓወር ባንክ ይህን ችግር ከሞላ ጐደል ያቃልለዋል። የሙቀት ነገር ግን ይቀራል፤ በጠባብ አካል ውስጥ የሚሠራ ካሜራ ቶሎ ይግላል፤ ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ኮምፓክት አርኤክስ100 ማርክ 4፣ 4ኬ በሚባለው ከፍተኛ ጥራት ሲቀርጽ በአንድ ጊዜ ከ5 ደቂቃ አያልፍም ነበር። ብዙ ካሜራዎችም በ29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ይቆሙ ነበር፤ ይህ ግን 30 ደቂቃ የሚያልፍ ካሜራ በአውሮፓ የቪዲዮ ካሜራ ቀረጥ ይጫንበት ስለነበረ የተደረገ ነው። ስለዚህ የሚገዛው ካሜራ ሳያቋርጥ ስንት ሰዓት እንደሚቀርጽ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

መሪጌታ፦ ይህን ሁሉ ስሰማ አንድ ነገር ይከነክነኛል። የእኔ ደቀ መዛሙርት ዛሬ ቁራሽ ለምነው ቢያድሩም፣ ከመካከላቸው ካሜራ ያለው ስልክ የያዘ አይጠፋም። ኮምፓክቱ ትንሽ በመሆኑ፣ በኪስ በመግባቱ፣ ዝግ በመሆኑ የሚመሰገን ከሆነ፣ ይህ ሁሉ በስልኩ የለምን?

ባለካሜራው፦ አለ። ገበያውም የመሰከረው ይህንኑ ነው። የጃፓን ካሜራ አምራቾች ማኅበር እንደሚቆጥረው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ ዓለም ገበያ የወጡት ሌንሳቸው የማይነቀል ካሜራዎች ከ100 ሚሊዮን በላይ ነበሩ፤ በ2023 ግን ከ2 ሚሊዮን በታች ወረዱ። ያንን ሁሉ የወሰደው ስልክ ነው። የቀሩት ኮምፓክቶች ከስልክ የሚበልጡበትን ነገር እየፈለጉ የኖሩ ናቸው፤ አንዳንዱ ገበታውን አሰፋ፣ አንዳንዱም ሩቁን በሚያቀርብ ሌንስ በረታ። ለምሳሌ አርኤክስ100 ማርክ 7 በ302 ግራም አካል ላይ እስከ 200 ሚሊሜትር የሚያቀርብ ሌንስ ይዟል፤ በጨጨሆ መድኃኔ ዓለም አጠገብ ያሉትን ዝንጀሮዎች ወይም ከገደል ማዶ የሚሄደውን የበዓል ሰልፍ ለመያዝ ከስልክ ይሻላል። ያን ያህል ሲያቀርብ ግን ቀዳዳው ወደ ኤፍ 4.5 ይጠብባል፤ ለሌሊት አይሆንም።

መሪጌታ፦ እንግዲህ ነገሩ ወደ አንድ እየመጣ ነው። ስጦታ የሌለንን ሲሞላ ነው እንጂ ያለንን ሲደግም ስጦታ አይባልም። የመንገዱን፣ የቀኑን፣ የአደባባዩን ቀረጻ ስልኩ በመጠኑ ይሠራዋል። ስልኩም ኮምፓክቱም የማይሠሩት፣ የሌሊቱ ቅኔ ማኅሌት ነው። እንዲህ ከሆነ ወዳጆቻችን የሚልኩት ሚረርለሱ፣ ያውም ከዚያ ሰፊ ዓይን ካለው ሌንስ ጋር፣ መሆን አለበት።

ባለካሜራው፦ እኔም ወደዚያው አዘነብላለሁ፤ የምፈራው ግን ገንዘቡን ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው ሰማይ ነክቷል። ለአካሉ ከፍለው ለሌንሱ ቢያንሳቸው፣ ሣጥኑ ውስጥ ካለው ሌንስ ጋር ብቻ ይልኩታል፤ ያን ጊዜ ቀደም ብለን እንዳሰላነው ከኮምፓክቱ ያነሰ ነገር በበለጠ ዋጋ ተገዛ ማለት ነው።

መሪጌታ፦ ይጠብቁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ገንዘቡ ሲሞላ ይግዙት።

ባለካሜራው፦ ጥበቃው የሚጐዳን ይመስለኛል፣ የኔታ። መምህራኑ እያረጁ ነው፤ ለሁለትና ለሦስት ዓመት የሚዘገይ ካሜራ ሲደርስ የሚቀረጸው ሰው ላይገኝ ይችላል። ከመጠበቅ ይልቅ ከአካሉ እንቀንስ። የካሜራ አካል በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ አዲስ ስለሚወጣ አሮጌው ቶሎ ይረክሳል፤ ጥሩ ሌንስ ግን ዋጋውንም ጥራቱንም ለረጅም ዘመን ይዞ ይኖራል። የሶኒ ሚረርለሶች የሌንስ መጋጠሚያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ አልተለወጠም፤ ስለዚህ ከሰው እጅ የወጣ፣ እ.ኤ.አ. የ2016 ወይም የ2019 አካል ገዝተው፣ ያንን ሌንስ በአዲስነቱ ቢገዙ፣ ነገ አካሉ ሲሞት ሌንሱ ለሌላ አካል ይተርፋል። በአሮጌው አካል ላይ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ቢጐድል፣ ድምፁን በተለየ ትንሽ መቅጃ ይዞ፣ በዚያው እያዳመጡ፣ በኋላ ከሥዕሉ ጋር ማዋሐድ ይቻላል።

መሪጌታ፦ ይህ ምክር ብልሃት አለው። ነገር ግን ከቀረጻ በኋላ ያለውን ንገረኝ። ብራና ሲጻፍ ጸሐፊው፣ ቀለሙ፣ ማኅደሩ፣ ዕቃ ቤቱ ሁሉ ታስቦ ነው። የዚህስ ዕቃ ቤቱ የት ነው?

ባለካሜራው፦ 4ኬ የሚባለው በሰከንድ 100 ሜጋቢት ሆኖ ሲቀረጽ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይፈጃል፤ 8 ሰዓት የቆመ ማኅሌት 360 ጊጋባይት ነው። ዝቅ ባለው፣ ኤችዲ በሚባለው፣ በ50 ሜጋቢት ቢቀረጽ ግማሹ፣ 180 ጊጋባይት ይሆናል። ለትምህርት ኤችዲው ይበቃል፤ 4ኬውን ለአንዳንድ ዓበይት በዓላት ብናቆየው ይሻላል። ሚሞሪ ካርዱ ግን ማመላለሻ እንጂ ዕቃ ቤት አይደለም። ሁለት ሀርድ ዲስክ ተገዝተው፣ አንዱ እዚህ፣ አንዱ ከዚህ ርቆ በሌላ ከተማ መቀመጥ አለባቸው፤ በየቅጂውም ላይ ደብሩ፣ በዓሉ፣ ዓመተ ምሕረቱ፣ የመሪው ስምና የዜማው ዓይነት መጻፍ አለበት።

መሪጌታ፦ ያለ ርእስና ያለ ጸሐፊ ስም የተገኘ ብራና ሊቃውንቱን ስንት ዘመን እንዳከራከረ አውቃለሁና፣ ይህን የመጨረሻውን አንተ ባትለው እኔ እለው ነበር። አሁን ወረቀት አምጣና ጻፍ። አንደኛ፣ በእጅ የሚወሰን የድምፅ መቅጃ ከማይኩና ከጆሮ ማዳመጫው ጋር፤ ከሁሉ አስቀድሞ ይህ ይገዛ በል። ሁለተኛ፣ ሰፊ የሚያይ፣ ኤፍ 1.4 የሆነ ሌንስ። ሦስተኛ፣ ያንን ሌንስ የሚቀበል የሚረርለስ አካል፤ ገንዘብ ካነሰ አሮጌ ይሁን፣ ሌንሱ ግን አይቀነስ። አራተኛ፣ መቆሚያ፣ ፓወር ባንክና ሁለት ሀርድ ዲስክ። ኮምፓክት አያስፈልግም በል፤ ምክንያቱንም ጨምረህ ጻፍላቸው፤ ልግስናቸውን የናቅን እንዳይመስላቸው።

ባለካሜራው፦ ማን ይዞት እንደሚቀመጥስ?

መሪጌታ፦ የደብሩ ንብረት ሆኖ በንዋየ ቅድሳቱ መዝገብ ይግባ፤ ያለ አስተዳዳሪው ፈቃድ አይውጣ፤ ወደ መቅደሱም ፈጽሞ አይዙር። ከደቀ መዛሙርቱ ሁለቱን እመርጥልሃለሁ፤ አንተ ዛሬ ለእኔ የነገርኸኝን ለእነርሱ በተግባር ታስተምራቸዋለህ፤ ዜማውን የማያውቅ ቀራጭ የቱ ላይ እንደሚያተኩር አያውቅምና፣ እጁ ከአንተ ሙያ፣ ጆሮው ከእኔ ጉባኤ የወጣ ሰው ያስፈልገናል። ካሜራው እስኪደርስም አንጠብቅም። መቅጃው መጀመሪያ ከመጣ፣ በመቅጃውና በልጆቹ ስልክ ዘንድሮ ለልደት እንጀምራለን፤ በሌሊት ሥዕሉ ቢደበዝዝም ድምፁ ይተርፈናልና።